የረጋ ደም «የሚያሟሟ» ቅጠል



ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንዲት እናት መካነ ሰላም ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሁለት ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። አንደኛው ገና ያልጠወለገ የቅጠል እስር ነው፤ ሁለተኛው ግማሹ ያለቀ የዋርፋሪን ኪኒን ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምራቴ አራስ ናት። አንድ እግሯ አብጦባት ደሴ ብንወስዳት ደም ረግቷል ተባለች። አሁን የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ይህ ቅጠል የረጋ ደም እንደሚያሟሟ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ብሎ ከስልኩ ላይ አነበበልን። ኪኒኑ በየጊዜው ለምርመራ ተመላለሱ ያሰኛል። ቅጠሉ ግን ከጓሯችን ነው። ኪኒኑን አስትተን ይህን ብናጠጣትስ?»

ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራስ ይዞ፣ ሕፃን አዝሎ፣ የመኪና ከፍሎ ይህን መንገድ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ የቦረና፣ የወግዲ፣ የከለላና የሳይንት ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የእማማ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ልጁም አልዋሸም። የቅጠል ጭማቂ የረጋ ደም ያሟሟ እንደሆነ የሚፈትኑ ጥናቶች በእርግጥ አሉ፤ በተለይ በህንድና በባንግላዴሽ በብዛት ተሠርተዋል። የቅጠሉን ስም ግን እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ነገ ዛፉ ላይ ቅርንጫፍ አይተርፍም! ይልቅስ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ውጤቱም ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን አብረን እንይ።

ደም እንዴት ይረጋል?

ቢላዋ ጣታችሁን ሲቆርጣችሁ ደሙ ጥቂት ፈስሶ የሚቆመው አላህ (ሱ.ወ) በደማችን ውስጥ ባኖረው ድንቅ ሥርዓት ነው። በመጀመሪያ ፕላትሌት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የደም ክፍሎች በተቆረጠው ቦታ ላይ ይጣበቃሉ። ቀጥሎ ፋይብሪን የሚባል ክር እየተፈተለ እንደ መረብ ይዘረጋል። ቀይ የደም ሕዋሳት በመረቡ ይያዛሉ፤ ደሙም ይረጋል። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ፕላስሚን የተባለ ኢንዛይም ክሩን እየቆራረጠ የረጋውን ያጸዳዋል። ማርጋቱም ማሟሟቱም በሚዛን የሚሄዱ ናቸው። ሚዛኑ ተዛብቶ ደም በማይገባው ቦታ ሲረጋ ግን አደጋ ነው። በእግር ደም መልስ ውስጥ ሲረጋ እግር ያብጣል፤ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ያቋርጣል። የልብን ደም ቧንቧ ከዘጋ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ያመጣል፤ የአንጎልን ከዘጋ ደግሞ ስትሮክ ነው።

ሰው ሁሉንም «ደም ማቅጠኛ» ብሎ ይጠራቸዋል እንጂ ለዚህ የሚሰጡት መድኃኒቶች ሥራቸው ለየቅል ነው። አስፕሪን ፕላትሌቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ሄፓሪንና ዋርፋሪን ክሩ እንዳይፈተል ያግዳሉ። የረጋውን እነሱ ራሳቸው አያሟሙትም፤ እንዳያድግና አዲስ እንዳይጨመር ይጠብቃሉ፤ ማሟሟቱን የገዛ ሰውነታችን ቀስ እያለ ይሠራዋል። የረጋውን በቀጥታ የሚያሟሙት ስትሬፕቶካይኔዝ፣ አልቴፕሌዝና ቴኔክቴፕሌዝ የሚባሉት ሲሆኑ በሐኪም ቤት ውስጥ በደም ሥር ብቻ ይሰጣሉ። እንግዲህ የእማማ ምራት ኪኒንና ያ ቅጠል ተባለለት እንደተባለው ቢሆን እንኳ የሥራ ድርሻቸው አንድ አይደለም። አንዱን በአንዱ መተካት ዘበኛውን አሰናብቶ ጽዳት ሠራተኛ እንደ መቅጠር ነው።

ስለ ስትሬፕቶካይኔዝ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። የተገኘው ከቅጠል አይደለም፤ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ በ1933 ዊልያም ቲሌት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረባቸው ይህ ባክቴሪያ የሰውን የረጋ ደም እንደሚያሟሟ አሳወቁ። ባክቴሪያው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጆቻችንን ጉሮሯቸውን የሚያማቸውና ሳይታከም ሲቀር የልባቸውን በር የሚያበላሸው የዚሁ ወገን ነው። መድኃኒቱ ለልብ ሕመምተኛ የሚሰጠው በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ዩኒት መጠን ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች በአዲሶቹ እየተተካ ቢሆንም በላቦራቶሪ ውስጥ ግን የቅጠል ጭማቂ ሁሉ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

በቱቦው ውስጥ የሚደረገው

አሁን በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እ.ኤ.አ በ2006 ህንድ ናግፑር ከተማ ባሉ ተመራማሪዎች የታተመ ነው። ውድ መሣሪያ ስለማይፈልግ ብዙዎች ወደዱት። ቅጠሉ ተለቅሞ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል ወይም ኤታኖል በሚባል አልኮል ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ይጣራና አልኮሉ ተኖ እንዲያልቅ ይደረጋል። የሚቀረው እንደ ወፍራም ሙጫ ያለ ዝቃጭ ነው፤ እኛ «ንጥር» እንበለው። (አልኮሉ ነገሩን ከቅጠሉ ለማውጣት ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም፤ ይህን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስላሉ ነው።)

ከዚያ አስፕሪንም ሆነ ሌላ ደም የሚነካ መድኃኒት ካልወሰዱ ጤነኛ ፈቃደኞች ደም ይቀዳል። ባዶነታቸው አስቀድሞ በተመዘነ ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ይከፋፈላል። በሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ37 ዲግሪ፣ ለ45 ደቂቃ ይቆያል፤ ይረጋል። ላዩ ላይ ያቀረረው ፈሳሽ በጥንቃቄ ተቀድቶ ይወጣና ቱቦው እንደገና ይመዘናል። አሁን የረጋው ደም ክብደት ታወቀ። በአንዱ ቱቦ ላይ የቅጠሉ ንጥር፣ በሌላው ስትሬፕቶካይኔዝ፣ በሦስተኛው ንጹሕ ውኃ ይጨመርና 90 ደቂቃ ይጠበቃል። የሟሟው ፈሳሽ ይደፋል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ይመዘናል። ለምሳሌ የረጋው ደም መጀመሪያ 0.40 ግራም ቢሆንና በኋላ 0.28 ግራም ቢገኝ 0.12 ግራም ጠፍቷል፤ ይህም 30 በመቶ ነው። የልጅ ልጃቸው ከስልኩ ያነበበላቸው «በመቶ» ይኸው ነው።

ልብ በሉ! ውኃው ብቻውን እንኳ ጥቂት በመቶ ያጥባል። ስለዚህ የውኃው ውጤት ያልተጻፈበት ቁጥር ዋጋ የለውም።

ሚዛኑ የማያየው ነገር

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ሚዛን ክብደት እንደ ቀነሰ ያውቃል፤ ምን እንደ ቀነሰ ግን አያውቅም። የረጋ ደምን የያዘው የፋይብሪን መረብ ነው ብለናል፤ ክብደቱን በአብዛኛው የሚሰጡት ደግሞ የተያዙት ቀይ ሕዋሳት ናቸው። ብዙ ቅጠሎችና ፍሬዎች ሳፖኒን የሚባል፣ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ነገር አላቸው። ሳፖኒን ቀይ የደም ሕዋስን ያፈነዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው ቀይ ሕዋስ ፈንድቶ ቢፈስ ክብደቱ ይቀንሳል፤ መረቡ ግን ሳይነካ በቦታው ሊኖር ይችላል። ሚዛኑ «ተሟሟ» ይላል። በሰው ደም ሥር ውስጥ ቢሆን ይህ መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው፤ የረጋውን ሳያሟሟ ጤነኛውን ደም የሚያጠፋ።

ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ የለንም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የሚያረፋው በሳፖኒኑ ነው። እ.ኤ.አ በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ከዚያም ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥፋት እንደሚጠቅም አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ልብስ ያጸዳል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ግን እንዶድ ጠጥተው የሞቱ እህቶቻችንን ታሪክ የማያውቅ ሰፈር የለም። አንድ ተክል በአንድ ቦታ መሥራቱ በሆድ ውስጥ ለመግባቱ ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር መጠን ነው። ብዙ ጊዜ ለምርመራው የሚወሰደው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ንጥር ያለበት ፈሳሽ ሲሆን ከሱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር ይጨመራል። ይህም ለግማሽ ሚሊ ሊትር ደም 1 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። በዚሁ ሒሳብ እንሂድ ካልን 10 ግራም ንጥር፣ እሱም ከቅጠሉ ተለይቶ የወጣው፣ አንድም ሳይጎድል በደሙ ውስጥ መገኘት አለበት ማለት ነው። አንድ የአስፕሪን ኪኒን ለልብ ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ግራም አይበልጥም። 10 ግራም የዚያ መቶ እጥፍ ነው! በስኒ የተጨመቀ ቅጠል ደግሞ መጀመሪያ በጨጓራ አሲድ ይመታል፣ ከዚያ በጉበት ያልፋል፤ ከሱ ውስጥ ወደ ደም የሚደርሰው ስንቱ እንደሆነ ቱቦው አይናገርም። ስትሬፕቶካይኔዝ እንኳ ቢዋጥ እንደ ሥጋ ተፈጭቶ ይቀራል፤ በመርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

እውነተኛ ማረጋገጫ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። ስትሬፕቶካይኔዝና አስፕሪን በድንገተኛ የልብ ሕመም ላይ የተፈተኑበትና እ.ኤ.አ በ1988 የታተመው ጥናት 17,187 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ነበር። ሁለቱንም ካላገኙት ውስጥ በአምስት ሳምንት ከ100ው 13 ያህሉ ሲሞቱ ሁለቱንም ካገኙት የሞቱት 8 ናቸው። ከ100 ሰው አምስት ነፍስ! ይህ ከቱቦ የመጣ «በመቶ» አይደለም፤ ከሰው የመጣ ነው።

ከሻገተ ድርቆሽ የመጣ ኪኒን

እንዲህ ስል ተክል ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የእማማ ምራት የምትውጠው ዋርፋሪን ራሱ ሥሩ ተክል ነው። እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ የገበሬዎች ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። የበሉት ከማገጥ ጋር የሚዛመድ የመኖ ተክል ሲሆን ድርቆሹ እርጥበት ገብቶት ሻግቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ1933 በዊስኮንሲን አንድ ገበሬ የማይረጋ ደም በወተት ጣሳ ይዞ ወደ ካርል ሊንክ ላቦራቶሪ መጣ። እነሊንክ ነገሩን ከድርቆሹ ነጥረው ለማውጣትና ምንነቱን ለማወቅ ዓመታት ፈጀባቸው። ከዚያ ቤተሰብ የተሠራው ዋርፋሪን መጀመሪያ የወጣው ለአይጥ መርዝ ነው፤ ለሰው የተፈቀደው በ1950ዎቹ፣ መጠኑ በሚሊ ግራም ተለክቶ ከታወቀ በኋላ ነው። ድርቆሹን ቀቅሎ የጠጣ የለም።

የእኛም ተራራ ባዶ አይደለም። ደንቆሮ ጫካ ስሙ ደንቆሮ ይሁን እንጂ ስንት እውቀት እንደያዘ አላህ ያውቃል። ኮሶው፣ አስታው፣ ወይራው፣ ጦስኙ፣ ዳማ ከሴው ሊጠና ይገባዋል። ጥናቱ ግን በቱቦ አያልቅም። ተክሉ በትክክል ማን እንደሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ዓይነት ቦታ ይለያል፤ ንጥሩ በእርግጥ ፋይብሪን ይቆርጥ ወይስ ሕዋስ ያፈነዳ እንደሆነ ይጣራል፤ በአይጦች ላይ ጉበትና ኩላሊት መጉዳት አለመጉዳቱ ይታያል፤ የሚሠራው ክፍል ብቻውን ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰው የሚመጣው። የባህል ሐኪሞቻችንም እውቀታቸውን በምስጢር ይዘው ከሚያልፉ ለአጥኚ ቢያካፍሉ ደስ ይለኛል። አጥኚውም ቅጠሉን ወስዶ ሰውየውን ባይረሳ!

ዋርፋሪን ያለበት ቤት

ከሁሉ የከፋው ሁለቱን መደባለቅ ነው። እማማ «ኪኒኑን አስትተን» ነው ያሉት። ብዙዎች ግን ሳይነግሩን ሁለቱንም ያጠጣሉ። ቅጠሉ እውነትም ደም የሚያቀጥን ከሆነ ከዋርፋሪን ጋር ተደምሮ ድድ ያደማል፣ ሽንት ያቀላል፣ ሰገራን እንደ ሬንጅ ያጠቁራል፤ ሲብስ አንጎል ውስጥ ያፈሳል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይ.ኤን.አር የሚባለውን የደም ምርመራ የሚመላለስለት ለዚህ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ውጤቱ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል።

ዓምዱ የምግብም ነውና ስለ ጎመን ልናገር። ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። አትብሉ ማለቴ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ጎመን በልቶ በጋ ላይ ድንገት ማቆም፣ ወይም ሳይበሉ ከርሞ በአንዴ በየቀኑ መብላት ነው ልኬቱን የሚያዛባው። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን። በወጥ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አያስፈራም፤ ለመድኃኒት ተብሎ በባዶ ሆድ በጭልፋ የሚዋጠው ግን ለሐኪሙ ይነገር። ጥቁር አዝሙድም እንደዚሁ። ጤና አዳም ደግሞ በብዛት ለነፍሰ ጡር አይሰጥ።

ዋርፋሪን ለምታጠባ እናት ይፈቀዳል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ፅንስ ይጎዳል። ስለዚህ ኪኒኑን እየወሰደች ማርገዝ የለባትም። ደም የረጋባት ሴት የምትወስደው የወሊድ መቆጣጠሪያ ኤስትሮጅን ያለበት መሆን የለበትም፤ እሱ ራሱ ደም ያረጋልና። ይህን ለጤና ባለሙያዋ በግልጽ ትንገር፣ ሐያእ አይያዛት።

ስለ ሄፓሪንም የሚጠይቁ አሉ። አዎ፣ አብዛኛው ሄፓሪን የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ነው፤ ኤኖክሳፓሪንም ከሱ ነው። ይህን መደበቅ አልወድም። ሆኖም ሳንባዋ ላይ ደም ሊረጋባት ለደረሰች እናት አማራጭ በእጅ በሌለበት የዶሩራ ሑክም ምን እንደሆነ መድረሳ የቀራ ሰው ያውቀዋል፤ የተጠራጠረም ዓሊም ይጠይቅ። መርፌውን ጀምሮ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይሆንም።

እግር ሲያብጥ፣ አፍ ሲጣመም

አራስ በአርባው ቀን ውስጥ ከአልጋ አትውረድ ማለታችን ከፍቅር ነው፤ ግን ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ደም ያረጋል። አቅሟ በፈቀደ መጠን በቤት ውስጥ ትራመድ፣ ፈሳሽ ትጠጣ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቷን ካመማት «መጋኛ ነው» ተብሎ አይታለፍ። በተለይ ወጌሻ ጠርቶ በቅቤ ማሸት አደገኛ ነው፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካስሳላት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

የአንድ ሰው አፍ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ደግሞ ሰዓቱን መዝግባችሁ ሩጡ። የሚያሟሟው መርፌ ባለበት ሆስፒታል እንኳ የሚሰጠው ከጀመረው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በመንገድ ላይ ቅጠልም ሆነ አስፕሪን አትስጡ። ስትሮክ ደም ረግቶም ደም ፈስሶም ይመጣል፤ ሁለቱ በዓይን አይለዩም፣ በሲቲ ስካን እንጂ። የፈሰሰበትን ሰው ደሙን ማቅጠን መግደል ነው።

ይህን ሁሉ ለእማማ በአንድ ቀን አላልኩም። የነገርኳቸው ስለ ሚዛኑና ስለ እንዶዱ ነው። እንዶዱን ስጠራ «አሃ» ብለው ቅጠሉን መልሰው ቋጠሩት። ኪኒኑ ለሦስት ወር የታዘዘ መሆኑን ከካርዱ ላይ አነበብኩላቸው፤ የልጅ ልጃቸውም የምርመራ ቀኖቹን በስልኩ ላይ እንዲይዝ አደረግን። ኅዳር ላይ ምራታቸውን ይዘው ተመለሱ። ልጁን አዝላ ቆማለች፣ የሁለቱም እግሯ ውፍረት ልክ ነው። የያዘችው ወረቀት 2.4 ይላል።